የድሮ የጸሎት አዳራሽ ለተማሪዎች ቴአትር ይሆናል ወይ?

ጥያቄው፦ «ጅማ ዩኒቨርሲቲ የምንማር የቴአትር ቡድን ነን። እስካሁን የምንሠራው የግቢው አዳራሽ ተራ ሲደርሰን ብቻ ነው። ከተማ ውስጥ አንድ የወንጌል አማኞች ማኅበረ ምእመናን አዲስ ሕንጻ ሠርቶ ስለወጣ የድሮ አዳራሹን ሊያከራየን ፈቃደኛ ሆኗል። ርዝመቱ 18፣ ወርዱ 10፣ ቁመቱ 5 ሜትር ገደማ ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። ስኮትላንድ ውስጥ ተማሪዎች በድሮ ቤተ ክርስቲያን የራሳቸውን ቴአትር ቤት እንደሚያስተዳድሩ አንብበን እኛስ ለምን አንችልም አልን። ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ስለሚይዝ ማይክ አያስፈልገንም፤ ትንሽ ካስተጋባም የእንቁላል ካርቶን ግድግዳው ላይ እንለጥፋለን። 200 ሰው ይይዛል ብለናል። የ2 ዓመት ኪራይ እንፈርም? መጀመሪያስ ምን እንግዛ?»

መልሱን ከፊት ላድርገው። አዳራሹን ውሰዱ። ግን ለ1 የትምህርት ዓመት ብቻ ውሰዱ። ከ80 ተመልካች በላይ አታስገቡ። ግድግዳው ላይ ምንም አትለጥፉ። ውሉን ደግሞ ከመካከላችሁ ማንም በግል ስሙ እንዳይፈርም። ጥያቄያችሁ ውስጥ ብዙ ገንዘብ ሊያስወጧችሁ፣ አንዳንዱም ሰው ሊጎዳ የሚችል የተሳሳቱ ሐሳቦች ስላሉ ምክንያቱን በዝርዝር እጽፋለሁ።

ያነበባችሁት ኤድንብራ ስለሚገኘው ቤድላም ቴአትር ይመስለኛል። የሚያስተዳድሩት በእርግጥም የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ሕንጻው ቶማስ ሃሚልተን የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1848 የተጠናቀቀ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ቴአትር ቤት የሆነው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ያ ትልቅ የድንጋይ ሕንጻ የሚያስቀምጠው 90 ተመልካች ገደማ ብቻ ነው። እናንተ በ18 በ10 ሜትር አዳራሽ 200 ብላችኋል። ሌላው፣ እዚያ አገር ባዶ ቤተ ክርስቲያን የተረፈው በራሳቸው ታሪክ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1843 የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ተከፈለች፤ የወጣው ወገን በየሰፈሩ የራሱን ሕንጻ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1900ና በ1929 ደግሞ አብዛኛው መልሶ ተዋሐደና በአንድ ሰፈር ሁለት ሦስት ሕንጻ ትርፍ ሆኖ ቀረ። የቤድላሙ ምእመናንም ሕንጻውን የለቀቁት እ.ኤ.አ. በ1941 ከጎረቤት ቤተ ክርስቲያን ጋር ተቀላቅለው ነው።

እኛ አገር እንዲህ ያለ ታሪክ የለም። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ታቦት የገባበት ነው፤ ቴአትር ቤት ይሁን ብሎ የሚያስብ ሰው የለም፤ ማሰብም አይገባም። የእናንተው ለጸሎትና ለስብከት የተሠራ፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው ወደው የለቀቁት አዳራሽ ነው። ይህን ልዩነት እናንተ ታውቃላችሁ፤ ሰፈሩ ግን ላያውቅ ይችላል። ጅማ ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱና ፕሮቴስታንቱ አጥር ለአጥር የሚኖርባት ከተማ ናት። «ቤተ ክርስቲያኑን ቴአትር ቤት አደረጉት» የሚል ወሬ ከተነሳ ለማንም አይጠቅምም፤ በተለይ ሊያከራዩዋችሁ ደግ ልብ ላሳዩት ሰዎች። ስለዚህ ፖስተራችሁ ላይም ስማችሁ ላይም «ቤተ ክርስቲያን» የሚለውን ቃል አታስገቡ። የሰፈሩን ስም ተጠቀሙ። ግድግዳው ላይ መስቀል ወይም የተጻፈ ጥቅስ ካለ እናንተ ቀለም አትቀቡበት፤ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው እንዲያነሱት ጠይቁ። መድረኩ ላይ ምን እንደማይቀርብም አስቀድማችሁ ተነጋገሩና በጽሑፍ ይሁን፤ ሲጋራ፣ መጠጥ፣ ሌላም የሚያስቀይማቸው ካለ። ድርሰቱን እየገመገሙ ይፍቀዱ ማለቴ አይደለም፤ በዚያ አትስማሙ። ወሰኑ ከመጀመሪያው ይታወቅ ነው የምለው። ለሌላ ሥራ የታሰበን ሕንጻ ለቴአትር ማዋል እኛም ጋ አዲስ አይደለም። ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ጣሊያን ለሲኒማ ብሎ ጀምሮት በነበረ ሕንጻ ላይ ተስፋፍቶ ነው።

አሁን ወደ ድምፁ። እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ ቴአትራችሁን የሚገድለውም የሚያድነውም ይሄ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ይይዛል ማለት ለመዝሙር እውነት ነው። መዘምራን ሲዘምሩ አንዱ ድምፅ ቆይቶ ከሚቀጥለው ጋር ሲቀላቀል ያምራል። ለንግግር ግን ያው ነገር ጠላት ነው። አንዱ ቃል ሳይጠፋ ሌላው ይደርስበታል። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ድምፅ ጠብቆ ወይም ላልቶ መነገሩ ትርጉም ይለውጣል፤ ማስተጋባት መጀመሪያ የሚበላው ደግሞ ይህንን ነው። ሦስተኛ ረድፍ የተቀመጠው ሰው ተዋናዩ እንደጮኸ ይሰማል፤ ምን እንዳለ ግን አይሰማም።

በሰጣችሁኝ ልክ አሰላሁት። ቀመሩ ቀላል ነው፤ የአዳራሹን ይዘት በሜትር ኩብ ወስዳችሁ በ0.161 ታባዛላችሁ፣ ከዚያ ድምፅ ለሚመጥጠው ስፋት ታካፍላላችሁ። የሚወጣው ድምፁ እስኪጠፋ የሚቆይበት ጊዜ ነው፣ በሰከንድ። ይዘታችሁ 900 ሜትር ኩብ ነው። ወለል፣ ጣሪያና ግድግዳ ሲደመር ወደ 640 ካሬ ሜትር ይመጣል። ልስን፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ግን ከሚነካቸው ድምፅ የሚመጥጡት 5 በመቶ ያህሉን ነው፤ በስፋት 32 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ስለዚህ ባዶው አዳራሽ 4.5 ሰከንድ ያስተጋባል። ለንግግር የሚፈለገው 1 ሰከንድ አካባቢ ነው። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው።

ሰው ሲገባ ይሻሻላል። ልብስ የለበሰ፣ የተቀመጠ ሰው ግማሽ ካሬ ሜትር ገደማ ይመጥጣል። 80 ሰው ሲቀመጥ ወደ 2 ሰከንድ ይወርዳል። ጥሩ ነው፤ ግን አይበቃም። ልምምድ ላይ ደግሞ ሰው ስለሌለ ተዋናዮቻችሁ ሁልጊዜ በ4.5 ሰከንድ ነው የሚለማመዱት። ያኔ ሳያውቁት መጮኽ ይለምዳሉ። መጮኽ ማስተጋባቱን ይጨምረዋል እንጂ አያስተካክለውም።

የእንቁላል ካርቶኑን ተዉት። ይህ ምክር ከየት ተነስቶ እንዲህ እንደተስፋፋ አላውቅም፤ በየስቱዲዮው አየዋለሁ። ካርቶኑ ትንሽ የሚመጥጠው ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው። ንግግር የሚያጨማልቀው መካከለኛውና ወፍራሙ ድምፅ እንዳለ ይቀራል። ከሁሉም በላይ ግን ካርቶን በቀላሉ ይነዳል። በሰው በተሞላ አዳራሽ ግድግዳውን በሙሉ ክብሪት በሚበቃው ነገር መሸፈን ማለት ነው። በዚህ ጉዳይ ምንም ድርድር የለም።

የሚሠራው ወፍራም መጋረጃ ነው። ሁለት ነገር ጠብቁ። ጨርቁ ተወጥሮ ሳይሆን ተጨማዶ ይሰቀል፤ 1 ሜትር ግድግዳ ለመሸፈን 2 ሜትር ጨርቅ አስቡ። ሌላው፣ ከግድግዳው 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። ከኋላው አየር ሲኖር ወፍራሙንም ድምፅ ይይዛል። ለጅማ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ እርጥበቱን ታውቁታላችሁ፣ ግድግዳ የተጠጋ ጨርቅ በአንድ ክረምት ይሻግታል። ከወለሉም ትንሽ ከፍ ይበል። 80 ካሬ ሜትር ግድግዳ እንዲህ ብትሸፍኑ፣ 50 ካሬ ሜትር ያህል ወፍራም ምንጣፍ በመተላለፊያውና በመጫወቻው ዙሪያ ብታነጥፉ፣ ኮርኒስ ደግሞ ቢሠራ፣ ከ80ው ሰው ጋር ተደምሮ ወደ 1 ሰከንድ ትጠጋላችሁ። ጨርቁን ከመግዛታችሁ በፊት ቁራጭ ጠይቁና ውጭ ላይ በክብሪት ሞክሩት። ነበልባል ይዞ የሚሮጥ ወይም እየቀለጠ የሚንጠባጠብ ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አትግዙት።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት መሞከር ትችላላችሁ። ቀመሩን ያገኘው ዋላስ ሳቢን የሚባል የሃርቫርድ መምህር ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ንግግር የማይሰማበትን ፎግ የሚባል አዲስ የትምህርት አዳራሽ እንዲያስተካክል ተሰጠው፤ እዚያ አንድ ቃል 5.5 ሰከንድ ይቆይ ነበር። ሌሊት ሌሊት ከሌላ ቴአትር ቤት የወንበር ትራስ እያስጋዘ፣ ትራስ በተጨመረ ቁጥር ድምፁ ምን ያህል እንዳጠረ እየለካ ነው ሕጉን ያገኘው። እናንተም ፍራሽ አላችሁ። ፈቃድ ጠይቃችሁ 20 ወይም 30 ፍራሽና ብርድ ልብስ በአይሱዙ አስጭናችሁ ወስዳችሁ ግድግዳው ላይ አስደግፉ። አንዳችሁ ከድርሰቱ አንድ ገጽ ያንብብ፣ ሌላው መጨረሻው ላይ ቆሞ የሰማውን ይጻፍ። ከፍራሹ በፊትና በኋላ የተጻፈውን አወዳድሩ። ይህ ከእኔ ስሌት ይበልጣል፤ ምክንያቱም የአዳራሹን መስኮት፣ በርና ጓዳ ሁሉ የሚቆጥር ነው።

አዳራሹ ካስተጋባ ማይክ አያድናችሁም። ድምፁ በስፒከር ሲበዛ ማስተጋባቱም አብሮ ይበዛል። አዳራሹ ከተስተካከለ ግን ለ80 ሰው ማይክ የሚባል ነገር አያስፈልጋችሁም፤ እዚህ ላይ ልክ ናችሁ።

ዝናቡን ጥያቄያችሁ ውስጥ አላየሁትም። ጅማ ላይ እንዴት ይረሳል! በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ በሚዘንብበት ከተማ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ስር ንግግር አይታሰብም። ዝናቡ ሲወርድ መጋረጃም፣ ማይክም፣ ጥሩ ድምፅም አይረዳም። ኮርኒሱ ከችፑድ ወይም ከጂፕሰም ቦርድ ይሁን፤ ከላዩ በማይነድ ነገር ቢሸፈን ይመረጣል። ያኔም ቢሆን የሐምሌን ዶፍ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ኮርኒሱን እናንተ አትሥሩ። የሕንጻው አካል ሆኖ የሚቀር ነገር የባለቤቱ ሥራ ነው። እነሱ ያሠሩ፣ ወይም ከኪራዩ እየተቀነሰ ይሁን፤ ውሉ ላይ ይጻፍ። ትልልቅ ሥራዎቻችሁን ደግሞ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው አድርጉ። ክረምቱንና ዝናባማውን በልግ ለልምምድ፣ ለድርሰት ንባብና ለሥልጠና ተዉት።

ቀጥሎ መድረኩ። እንዲህ ያሉ አዳራሾች ጫፉ ላይ ከፍ ያለ መድረክ አላቸው፤ ለሰባኪና ለመዘምራን የተሠራ ነው፤ ጥልቀቱ ብዙ ጊዜ 3 ሜትር ቢሆን ነው። ሁለት ሰው ሲተላለፍ ይጋጫል። ወለሉ ደግሞ ዝርግ ነው። አግዳሚዎቹን ቀድሞ እንደነበሩት ወደ ፊት ደርድራችሁ ብትከፍቱ ከአራተኛው ረድፍ በኋላ ያለው ሰው የሚያየው የፊተኛውን ጭንቅላት ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለውም ከተዋናዩ 15 ሜትር ርቆ ፊቱን አያነብም። 200 ሰው የምትሉት በዚህ አደራደር ነው፤ 200 ሰው ሰብስባችሁ ለ60ው ማሳየት ይሆናል።

መድረኩን ተዉትና ወለል ላይ ተጫወቱ። አንዱን ረጅም ግድግዳ ጀርባ አድርጉ፤ መሐሉ ላይ 6 በ5 ሜትር መጫወቻ ይኑር፤ ተመልካቹ በሦስት በኩል ይክበበው። ከፊት ለፊት 3 ረድፍ፣ ከግራና ከቀኝ 3፣ 3 ረድፍ። የመጀመሪያው ረድፍ ወለሉ ላይ፣ ሁለተኛው 30 ሳንቲ ሜትር፣ ሦስተኛው 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ይሁን። ለአንድ ሰው 50 ሳንቲ ሜትር አግዳሚ፣ ለአንድ ረድፍ 90 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ስጡ። መተላለፊያው ሲቀነስ 80 ሰው ይቀመጣል፤ ከመጫወቻው ከ5 ሜትር በላይ የሚርቅ አይኖርም። ርብራቡን አናጺ በሚፈቱ ክፍሎች ይሥራው፤ በብሎን የሚገጠም፣ አራት ሰው የሚያነሳው። አዳራሹን ስትለቁ ይዛችሁት የምትወጡት ነገር መሆን አለበት። ከኋላ የተቀመጠ ሰው እንዳይወድቅ የመጨረሻው ረድፍ መደገፊያ ይኑረው።

ስለ መድረኩ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በአንዳንድ የወንጌል አማኞች አዳራሽ መድረኩ ስር የውኃ ጥምቀት ገንዳ አለ። በሳንቃ ይሸፈንና ላዩ ላይ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ የማያውቅ ሰው አያየውም። ሳንቃው ለሰባኪ ርምጃ እንጂ ለሚዘል ተዋናይ አልተሠራም፤ የቆየ ከሆነም በስብሶ ሊሆን ይችላል። መኖሩን ሽማግሌዎቹን ጠይቁ፣ ክፈቱት፣ ውኃ ካለ አስወጡ፣ በወፍራም ሳንቃ አስመቱት። ዲኮር ማስቀመጫ ብታደርጉት ይሻላል፤ ሰው አይቁምበት።

ስለ መብራት አጠር ላድርገው። 1,000 ዋት የሚወስዱ የድሮ ፓር የሚባሉ የመድረክ መብራቶች በርካሽ ይገኛሉ። 6ቱን ስታበሩ 6,000 ዋት ነው፤ በ220 ቮልት ከ27 አምፔር በላይ ማለት ነው። ለአምፖልና ለኪቦርድ የተዘረጋ አሮጌ ሽቦ ይህን አይሸከምም፤ ኮርኒስ ውስጥ ሆኖ ይግላል፤ የሚታያችሁ ጭሱ ነው። ኤልኢዲ ፓር ያዙ። አንዱ 150 ዋት ቢወስድ 6ቱ 900 ዋት ነው፤ ወደ 4 አምፔር። ሙቀቱም በጣም ያነሰ ነው። መብራት ሲሄድ ትንሽ ጄኔሬተር ይችለዋል፤ ጄኔሬተሩን ግን ከሕንጻው ውጭ፣ ራቅ አድርጋችሁ፣ ድምፁም ጭሱም በማይገባበት ቦታ። በዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ግቢ በቂጦ ፉርዲሳ ኤሌክትሪካል የሚማር ጓደኛ አለን እንደምትሉ ይገባኛል። ጓደኛችሁ ይርዳ፤ ኃላፊነቱን ግን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይውሰድ። ከቆጣሪው ጀምሮ ይመርምር፣ ለመድረኩ ለብቻው መስመርና ብሬከር ያውጣ፣ ግራውንድ መኖሩን ያረጋግጥ። መብራቶቹን ኮርኒስ ላይ አትስቀሉ። በቧንቧ ቋሚ ላይ ይሁኑ፤ እያንዳንዱም በሰንሰለት ይታሰር፤ ብሎኑ ቢላላ ሰው ራስ ላይ እንዳይወድቅ።

በሩን ደግሞ አጥብቄ ነው የምናገረው። ስንት ሰው ማስገባት እንደምትችሉ የሚወስነው ወለሉ አይደለም፤ በሩ ነው። ቢያንስ ሁለት መውጫ፣ በተለያየ አቅጣጫ፣ ሁለቱም ወደ ውጭ የሚከፈቱ። የብዙ አዳራሽ በር ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፤ ሰው ደንግጦ ሲገፋ ይቆለፋል። ያለ ትኬት እንዳይገቡ ብላችሁ የኋላውን በር ቁልፍ አታድርጉ፤ ሰው አቁሙበት። 1.2 ሜትር መተላለፊያ ምንም ሳይቀመጥበት እስከ በሩ ይኑር። ባትሪ ያላቸው የድንገተኛ መብራቶች በሮቹ ላይ ይንጠልጠሉ፤ መብራት በመሐል መሄዱ የማይቀር ነው፤ ጨለማ ውስጥ 80 ሰው በስልክ መብራት አይወጣም። ሻማና ችቦ በድርሰቱ ውስጥ ቢኖርም በመድረክ ላይ አይኑር። መስኮቱን ለቀን ትርኢት በጥቁር ጨርቅ ስትሸፍኑም አየር የሚገባበት ይኑር። ጨርቁ ከመስኮቱ ፈቀቅ ብሎ ይሰቀልና መስታወቱ ክፍት ይሁን።

የቀን ትርኢት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ተመልካቻችሁ ተማሪ ነው፤ ከዋናው ግቢ፣ ከግብርናው፣ ከቂጦ ፉርዲሳ ይመጣል። ማታ 2 ሰዓት የሚያልቅ ቴአትር ለሴት ተማሪ ባጃጅ ፍለጋና የበር ሰዓት ጭንቀት ነው። ቅዳሜ 8 ሰዓት ጀምሩ፣ 9 ሰዓት ተኩል ጨርሱ። ረመዳን ላይ ደግሞ ወደ ማታ የሚጠጋ ትርኢት አታድርጉ፤ የከተማው ግማሽ ጾም ለመፍታት (ለኢፍጣር) ቤቱ ነው። ሥራዎቻችሁ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ቢሆኑ አዳራሹ የተማሪ ብቻ ሳይሆን የከተማው ይሆናል። ይህንን በጣም እመኝላችኋለሁ።

የመጨረሻውና ብዙ ቡድን የሚፈርስበት ነገር ውሉ ነው። የተማሪ ክበብ በራሱ ሕጋዊ ሰውነት የለውም። ከእናንተ አንዱ ከፈረመ ዕዳው የእሱ ነው፤ ተመርቆ ቢሄድም ይከተለዋል። ሁለት መንገድ አለ። ዩኒቨርሲቲው በተማሪዎች ጉዳይ በኩል ተከራይ ይሁንና እናንተ አስተዳድሩ፤ ወይም ማኅበር ሆናችሁ ተመዝገቡ። ሁለተኛው ነጻነት ይሰጣል፤ ግን ሰነድ፣ ሒሳብና በየዓመቱ ሪፖርት አለው፤ ተመራቂ በሆነ አባል ላይ የተንጠለጠለ ማኅበር ቶሎ ይሞታል። ለእናንተ የምመክረው የመጀመሪያውን ነው። ኤድንብራም ቢሆን ሕንጻው የዩኒቨርሲቲው ነው፤ ተማሪዎቹ የሚያስተዳድሩት ሥራውን ነው።

ከውሉ እኩል ርክክቡን አስቡበት። ተማሪ ይመረቃል። ዘንድሮ የትኛው ብሬከር የቱን እንደሚያጠፋ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ፣ ለአናጺው ስንት እንደቀረ የሚያውቀው ልጅ በሐምሌ የለም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሥራ ከፍተኛ ዓመት ተማሪ አንድ፣ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ አንድ መድቡ፤ ለመብራቱም፣ ለሒሳቡም፣ ለበሩም። አዲሱ ኮሚቴ ግንቦት ላይ ይመረጥና የመጨረሻውን ትርኢት አሮጌዎቹ እያዩት እሱ ይምራው። ሁሉም ነገር በአንድ ደብተር ይጻፍ። ይህን ካላደረጋችሁ የቱንም ያህል ያማረ አዳራሽ ቢኖራችሁ በሁለተኛው ዓመት መጋዘን ይሆናል።

የግዢ ቅደም ተከተሉ እንግዲህ እንዲህ ነው። መጀመሪያ በሩና የኤሌክትሪክ መስመሩ። ከዚያ መጋረጃው። ከዚያ ርብራቡ። መብራት መጨረሻ ላይ፤ 4 ኤልኢዲ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃችኋል። ለመጀመሪያ ሥራችሁ ከ5 ተዋናይ ያልበለጠ፣ 1 ሰዓት ገደማ የሚፈጅ፣ ዲኮር የማይቀያየር ድርሰት ምረጡ፤ አዳራሹን እየተማራችሁት ነው የምትሠሩት።

ሽማግሌዎቹ ጋ ስትሄዱ አራት ነገር ጠይቁ። ውሉ ለ1 ዓመት ይሁንና ከፈለጋችሁ የማደስ መብት ይኑራችሁ። ኮርኒሱ በእነሱ ወይም ከኪራይ ተቀናሽ ይሠራ። ለእሑድ ትምህርት ወይም ለሠርግ አዳራሹን መልሰው የሚፈልጉባቸው ቀናት አስቀድመው ይጻፉ። ሁለቱ በሮች ወደ ውጭ እንዲከፈቱ ይቀየሩ። በመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ላይ መደራደር ይቻላል፤ ኮርኒሱ ቢዘገይ በደረቁ ወራት መጀመር ትችላላችሁ፣ የኪራይ ጊዜውም ቢረዝም ዩኒቨርሲቲው ከፈረመ ችግር የለውም። በሮቹን መቀየር ካልፈቀዱ ግን አትፈርሙ፤ በግቢው አዳራሽ ተራችሁን እየጠበቃችሁ ሌላ ቤት ፈልጉ።